ከለቅሶው በኋላ

«አቬንጀርስ፦ ኤንድጌም» የተሰኘውን ፊልም ያያችሁ ወጣቶች ሳታውቁት ሴንት አብስን አይታችኋታል። ቶርና ከጥፋት የተረፈው ሕዝቡ የሰፈሩባት፣ «ኒው አስጋርድ» ተብላ የቀረበችው የባሕር ዳር መንደር እርሷ ናት። ፊልሙ ኖርዌይ ውስጥ እንዳለች አድርጎ ያሳያታል እንጂ እውነተኛዋ መንደር ያለችው በስኮትላንድ ደቡብ ምሥራቅ ጠረፍ፣ ከኤድንብራ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ነው። ፊልሙ በ2019 ከወጣ ወዲህ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ለፎቶ ብለው ብቻ የሚመጡ እንግዶችም አሏት።

ለሦስት ወር ትምህርት ወደ ኤድንብራ ልሄድ ስሰናዳ ከወጣቶች ኅብረታችን አንዱ ልጅ፣ «ጋሼ፣ አስጋርድን ሳያዩ እንዳይመለሱ!» ብሎ ሁላችንንም አሳቀን። አደራውን ጠበቅሁለት። በሰኔ መጀመሪያ አንድ ቅዳሜና እሑድ እዚያ አሳልፌ ፎቶውን ላክሁለት። ከፎቶው ሌላ ግን ይዤው የመጣሁት ታሪክ አለ። ታሪኩ የአንዲት ጀልባ ነው። ጀልባዋ ጋ ለመድረስ ግን አብራችሁኝ ትንሽ መንገድ መሄድ ይኖርባችኋል፤ እዚያ አገር ነገሩ ሁሉ የሚገባው በእግር ሲኬድ ነውና።

ሬስተን በምትባል ትንሽ ጣቢያ ከባቡር ወርጄ ወደ ባሕሩ አቀናሁ። መጀመሪያ የምትገኘው ኮልዲንግሃም ናት። በድሮ ጊዜ ዓሣ አጥማጆቹ የሚኖሩት እዚህ ነበር። መረባቸውንና ወጥመዳቸውን ተሸክመው ወደ ጀልባቸው የሚወርዱበት የእግር መንገድ ዛሬም አለ፤ ስሙ «ክሪል ፓዝ» ይባላል። ክሪል ማለት የዓሣ አጥማጅ ቅርጫት ነው። በዚያ መንገድ ስሄድ ያሰብኩት ስለ ሚስቶቻቸውና ስለ ልጆቻቸው ነው። ባልና አባት በጠዋት በዚህ መንገድ ሲወርድ ያዩታል፤ ማታ በዚሁ መንገድ ሲመጣ ይጠብቁታል።

ሴንት አብስ ራሷ በጣም ትንሽ መንደር ናት። ከገደል አናት ላይ የተደረደሩ ቤቶች፣ ከሥር በድንጋይ ግንብ የታቀፈ ወደብ፣ በወደቡ ውስጥ ሸርጣንና ሎብስተር የሚያጠምዱ ጥቂት ጀልባዎች፣ የባሕሩን ውስጥ ሊያዩ የመጡ ጠላቂዎች፤ ይኸው ነው። የድሮ ስሟ ኮልዲንግሃም ሾር ነበር። የዛሬውን ስም ያወጣላት በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ አካባቢውን የገዛው አንድሩ አሸር የተባለ የኤድንብራ ባለጸጋ ነው። ስሙን የወሰደው ግን እጅግ ከቀደመ ዘመን ነው፤ በ7ኛው ክፍለ ዘመን በዚህ ጠረፍ ገዳም የመሠረተችው የኖርዘምብሪያ ልዕልት ኤባ መታሰቢያ ነው።

እኔ ያደግሁት አርባ ምንጭ ነው። አባያንና ጫሞን እያየሁ ስላደግሁ ውኃ ብርቄ አይደለም። ሐይቅ ግን ማዶ አለው። ከወዲያ በኩል ተራራ ይታያል፤ ዓይን የሚያርፍበት ነገር አያጣም። በሴንት አብስ ወደብ ግንብ ላይ ቆሜ ስመለከት ግን ዓይኔ የሚያርፍበት አጣ። ውኃው ይሄዳል፣ ይሄዳል፣ ከዚያም ሰማይ ይሆናል። እንዲህ ያለውን ነገር በሥዕል ማየትና ፊት ለፊቱ መቆም በጣም ይለያያል።

ያን ጊዜ ወደ ልቤ የመጣው ከኅብረታችን የነበረ አንድ ልጅ ነው። ስሙን አልጽፈውም፤ እናቱ ይህን መጽሔት ታነባለች። ኪቦርድ ይጫወትልን ነበር። ከዚያ ሁለት ዓመት በፊት በጅቡቲ በኩል አድርጎ ሳዑዲ ለመግባት ወጣ። ወደ የመን የተሳፈረባት ጀልባ ሰጠመች። ወሬው የደረሰን አብሮት ከነበረና ከተረፈ ልጅ በስልክ ነው። አስከሬን አልነበረም። እናቱ ቤት ድንኳን ተተክሎ ሦስት ቀን ተቀመጥን፣ ዘመርን፣ አለቀስን፣ ገንዘብ አዋጣን፣ ድንኳኑ ተነሣ። ልጁ የመጨረሻ ያየው ነገር ምን ይሆን ብዬ ብዙ ጊዜ አስቤ ነበር። በዚያ ግንብ ላይ ሆኜ አወቅሁት፤ ማዶ የሌለው ውኃ ነው ያየው።

የመጀመሪያው መንገድ፦ ወደ መብራቱ

ከመንደሯ ወደ ሰሜን የሚወጣው የእግር መንገድ ሴንት አብስ ሄድ ወደሚባለው ወደ ባሕር የወጣ የገደል አፍንጫ ይወስዳል። ቦታው ብሔራዊ የተፈጥሮ ጥብቅ ስፍራ ነው። ድንጋዩ ከጥንት እሳተ ገሞራ የቀረ ቀላ ያለ አለት ሲሆን ገደሉ በአንዳንድ ቦታ ከ90 ሜትር በላይ ከፍታ አለው። ወደ ጫፉ ስትጠጉ አስቀድሞ የሚቀበላችሁ ድምፅና ሽታ ነው። በሺህ የሚቆጠሩ የባሕር ወፎች በገደሉ ላይ ተደርድረው ይጮኻሉ፤ ኩሳቸው አለቱን ነጭ አድርጎታል።

ከወፎቹ መካከል ጊልሞት የሚባለው ልቤን ወሰደው። ጥቁር ካፖርት ለብሶ ቀጥ ብሎ የቆመ ሰው ይመስላል። ጎጆ አይሠራም። እንቁላሉን የሚጥለው ባዶ አለት ላይ፣ የእጅ መዳፍ በምታህል ቦታ ነው። ጫጩቱ ሦስት ሳምንት ያህል ሲሞላው፣ ገና መብረር ሳይችል፣ አንድ ቀን ሲመሽ ከዚያ ገደል ወደ ባሕር ይዘላል። አባቱ ከታች ውኃው ላይ ሆኖ ይጠራዋል። ጫጩቱ የአባቱን ድምፅ ለይቶ ያውቃል። ከዚያ በኋላ አባትና ልጅ አብረው ወደ ጥልቁ ባሕር ይዋኛሉ፤ መብረር እስኪችል ድረስ የሚመግበውና የሚጠብቀው አባቱ ነው። እኔ የደረስኩት ጫጩቶቹ ከሚዘሉበት ጊዜ ቀደም ብዬ ስለነበር ዝላዩን አላየሁም። የገደሉን ቁመት ግን በዓይኔ ለካሁት። ጎረምሳ ልጅ ላለው ሰው ሁሉ ያን ገደል ባሳየሁት ብዬ ተመኘሁ፤ ልጅ ከቤት ሲወጣ ከታች የሚጠራው ድምፅ መኖር አለመኖሩ ምን ያህል ልዩነት እንዳለው እዚያ ይታያል።

መብራቱ ያለው ከጫፉ ላይ ነው። መርከበኞችን የሚመራ የባሕር መብራት ሲባል ረጅም ማማ ይመስለን ይሆናል። ይህኛው አጭር ነው፤ ገደሉ ራሱ ከፍታውን ስለሰጠው ከላይ ሆናችሁ ወደ መብራቱ የምትሄዱት ደረጃ ወርዳችሁ ነው። የተሠራው በ1862 ሲሆን መሐንዲሶቹ ዴቪድና ቶማስ ስቲቨንሰን የተባሉ ወንድማማቾች ናቸው። ቶማስ የታዋቂው ደራሲ የሮበርት ሉዊስ ስቲቨንሰን አባት ነው። በ1876 ደግሞ ጭጋግ ሲሆን መብራት ስለማይታይ ለመርከቦች የሚጮህ ትልቅ ጡሩምባ ተተከለ፤ በስኮትላንድ የመጀመሪያው ነበር። ከ1993 ጀምሮ መብራቱ ያለ ጠባቂ በራሱ ይሠራል።

መብራቱ ለምን እዚያ ተሠራ? በ1857 ማርቴሎ የተባለች መርከብ በዚያ አካባቢ ከአለት ጋር ተጋጭታ ስለሰጠመች ነው። ይህን ሳነብ በጉዞዬ ሁሉ ያልተወኝ ሐሳብ ገባኝ። በዚህ ጠረፍ ሰው ከሠራቸው ነገሮች ብዙዎቹ ከኋላቸው የሰጠመ መርከብ አላቸው። ሰዎቹ ካለቀሱ በኋላ አንድ ነገር ሠርተዋል።

ሁለተኛው መንገድ፦ ወደ አይማውዝ

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ወደ ደቡብ ሄድኩ። ይህ መንገድ ከኮክበርንስፓዝ ተነሥቶ እስከ እንግሊዟ በሪክ ከተማ 45 ኪሎ ሜትር ያህል የሚዘልቀው የበሪክሻየር የባሕር ዳር መንገድ አካል ነው። መጀመሪያ የኮልዲንግሃም የአሸዋ ዳርቻ ይገኛል። በቀለም ያሸበረቁ ትናንሽ የእንጨት ቤቶች ተደርድረውበታል፤ ልጆች አሸዋ ይቆፍራሉ፣ ጎረምሶች በሰሌዳ ላይ ሆነው ማዕበል ይጋልባሉ። ከዚያ መንገዱ እንደገና ወደ ገደሉ አናት ይወጣና አንዱን ሰርጥ ወርዶ ሌላውን ሽቅብ እያለ አይማውዝ ያደርሳል። አይማውዝ ከሴንት አብስ የምትበልጥ የዓሣ አጥማጆች ከተማ ናት።

በጥቅምት 14 ቀን 1881፣ ዓርብ ዕለት፣ በዚህች ከተማ የሆነውን የዚያ ጠረፍ ሰው እስከ ዛሬ አይረሳውም። ሳምንቱን ሙሉ አየሩ ተበላሽቶ ጀልባዎቹ ታስረው ከርመዋል። በቤት የሚበላ እያለቀ ነው። ዓርብ ጠዋት ግን ፀሐይ ወጣ፣ ባሕሩም ጸጥ አለ። በወደቡ የተሰቀለው ባሮሜትር፣ የአየር ግፊት መለኪያው ማለት ነው፣ እጅግ ዝቅ ብሎ ነበር፤ ማዕበል እንደሚመጣ ይናገር ነበር። ሽማግሌዎቹም ወጣቶቹም አይተውታል። አንዱ ጀልባ ሲወጣ ግን ሌላው ተከተለ። እኩለ ቀን ላይ ሰማዩ ጠቆረ፣ ነፋሱም በአንድ ጊዜ ወረደባቸው።

የዚያን ቀን 189 ዓሣ አጥማጆች ሞቱ። ከእነዚህ 129ኙ የአይማውዝ ሰዎች ነበሩ። ከበርንማውዝ 24፣ ከኮቭ 11፣ ከሴንት አብስም 3 ሰዎች አልተመለሱም። ከጀልባዎቹ አንዳንዶቹ የተሰባበሩት በጥልቁ ባሕር ሳይሆን ሃርከርስ በሚባሉት በወደቡ መግቢያ ባሉ አለቶች ላይ ነው። ሚስቶቻቸውና ልጆቻቸው ከዳር ቆመው ያዩ ነበር። ድምፅ በሚሰማበት ርቀት ላይ ሆነው ሊደርሱላቸው አልቻሉም።

ኤሪየል ጋዜል የምትባል አንዲት ጀልባ ግን ወደ ወደቡ አልሮጠችም። በጥልቁ ባሕር ውስጥ ከማዕበሉ ጋር ስትታገል 45 ሰዓት ቆይታ እሑድ ዕለት፣ ተስፋ ከተቆረጠ በኋላ፣ ሠራተኞቿን ይዛ ገባች። እኔ አስተማሪ ነኝ፤ ይህን ስሰማ አእምሮዬ ወዲያው ስብከት መሥራት ጀምሮ ነበር። «ወደ ቤት የሮጡት ጠፉ፣ በጥልቁ የጸኑት ዳኑ» ማለት ቀላል ነው። አልወደድኩትም። ወደ ወደቡ የሮጡት ሰዎች የሮጡት ልጆቻቸው ዳር ላይ ቆመው ስላዩዋቸው ነው። ማን ነው በእነርሱ ላይ ምሳሌ የሚሠራ? አንዳንድ ታሪክ እንዳለ ቢተረክ ይበቃዋል።

ሳልጠቅሰው ማለፍ የማልፈልገው ሌላ ነገርም አለ፤ ቤተ ክርስቲያንን ይመለከታልና። የአይማውዝ ዓሣ አጥማጆች ከሚያጠምዱት ዓሣ ላይ ለአካባቢው ቤተ ክርስቲያን በሕግ የተጣለ አሥራት ነበረባቸው። በፈቃድ የሚሰጥ አሥራት አልነበረም፤ ዕዳ ነበር። ሰዎቹ ዊሊያም ስፒርስ በተባለ ዓሣ አጥማጅ መሪነት ለዓመታት ታገሉት። በ1864 ሁለት ሺህ ፓውንድ ከፍለው ከአሥራቱ ነጻ እንዲሆኑ ስምምነት ተደረገ። ለድሃ ዓሣ አጥማጆች ከባድ ገንዘብ ነበር። ወደባቸው ደግሞ ጥልቀት የሌለው፣ ባሕሩ ሲሸሽ ጀልባ የማያስገባ ነበርና ማሻሻያ ይፈልግ ነበር። ያ ዕዳ ባይኖር ምን ሊሠሩበት ይችሉ እንደነበር መገመት አያቅትም። የስፒርስ ሐውልት ዛሬ በከተማዋ የገበያ አደባባይ ቆሟል።

የሞቱት ሰዎች መታሰቢያ ደግሞ በአራቱም ቦታ፣ በአይማውዝ፣ በበርንማውዝ፣ በኮቭና በሴንት አብስ ይገኛል። ጂል ዋትሰን የተባለች ቀራጺ ነች የሠራቻቸው። ጀልባና ጀግና አልቀረጸችም። የቀረጸቻቸው ከዳር ቆመው ባሕሩን የሚያዩትን ሚስቶችና ልጆች ነው። ምስሎቹ ትናንሽ የነሐስ ምስሎች ናቸው፤ አንዷ እጇን ዘርግታለች፣ አንዷ ልጇን አቅፋለች፣ ነፋሱ ቀሚሳቸውን ወደ ኋላ ወስዶታል። የአይማውዙ ፊት ለረጅም ጊዜ ቆምኩ። በዚያ መካከል የኪቦርድ ተጫዋቹን እናት ፈለግሁ። እርሷ ግን ዳር ላይ ቆማ የማየት ዕድል እንኳ አላገኘችም።

የመንደሯ ጀልባ

ወደ ሴንት አብስ ስመለስ ምሽት ሆኖ ነበር፤ በሰኔ ግን እዚያ አገር ከምሽቱ አራት ሰዓት ድረስ ብርሃን አለ። በወደቡ አንድ ሸምገል ያሉ ሰው ወጥመዳቸውን ሲጠግኑ አገኘሁ። ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። እንግሊዝኛቸው ለጆሮዬ ከባድ ነበርና ቀስ ብለው ይደግሙልኝ ነበር። በወደቡ ዳር ስላለው የጀልባ ቤት ስጠይቃቸው ሥራቸውን አስቀመጡ። የሚከተለውን የሰማሁት ከእርሳቸው ነው፤ ቀኑንና ዓመቱን በኋላ አንብቤ አረጋግጫለሁ።

በ1907 አልፍሬድ ኤርላንድሰን የምትባል የዴንማርክ መርከብ ከመንደሯ ፊት ለፊት ካሉት ኤብ ካር ከሚባሉት አለቶች ጋር ተጋጨች። የመንደሯ ሰዎች ቅርብ ነበሩ፤ የሚያወጡበት የነፍስ አድን ጀልባ ግን አልነበራቸውም። ከሌላ ቦታ እስኪመጣ ጊዜው አለፈ። 17ቱ መርከበኞች ሞቱ። አንዳቸውም የመንደሯ ሰው አልነበሩም። ማንም አያውቃቸውም፤ ቋንቋቸውም ሌላ ነው።

እንግዲህ ልብ በሉ። ከ26 ዓመት በፊት እነዚሁ ሰዎች የራሳቸውን ወገን በዚሁ ባሕር አጥተዋል። አሁን ደግሞ የማያውቋቸው ሰዎች ዓይናቸው እያየ ሞቱ። በመንደሯ ትኖር የነበረች ጄን ሄይ የተባለች ሴት ነገሩ በለቅሶ ብቻ እንዲያልፍ አልፈቀደችም። ሴንት አብስ የራሷ የነፍስ አድን ጀልባ እንዲኖራት ተሟገተች። በ1911 ጣቢያው ተከፈተ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ከመቶ ዓመት በላይ የመንደሯ ዓሣ አጥማጆችና ሌሎች በጎ ፈቃደኞች ጥሪ በመጣ ቁጥር ሥራቸውን ጥለው እየወጡ ሰው ሲያድኑ ኖሩ።

በ2015 ግን ጣቢያውን ያስተዳድር የነበረው የአገሪቱ የነፍስ አድን ጀልባ ተቋም በአይማውዝ ያለው ጣቢያ አካባቢውን ይሸፍናል ብሎ የሴንት አብሱን ዘጋ። ጀልባዋ ተወሰደች። የመንደሯ ሰዎች ተቃወሙ፣ ፊርማ አሰባሰቡ፤ ውሳኔው አልተለወጠም። ታዲያ ምን አደረጉ? ገንዘብ ማሰባሰብ ጀመሩ። ከቅርብም ከሩቅም ሰው አዋጣ። ተኖክ የተባለው የታወቀ የስኮትላንድ ብስኩት አምራች ትልቅ ድርሻ ሰጠ። በ2016፣ ጣቢያው በተዘጋ በዓመቱ፣ መንደሯ የራሷን ጀልባ ውኃ ላይ አወጣች። ስሟ «ቶማስ ተኖክ» ነው። ዛሬ ጣቢያው የማንም ቅርንጫፍ አይደለም፤ በመንደሯ ሰዎችና በሚረዷቸው መዋጮ ይንቀሳቀሳል። እኛ ዕድር የምንለውን አስታወሰኝ፤ ልዩነቱ የእነርሱ የሚደርሰው ሰው ከመሞቱ በፊት መሆኑ ነው።

ሽማግሌውን፣ «ጥሪ ሲመጣ ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ?» አልኳቸው።

«ብዙ ጊዜ አናውቅም» አሉኝ። «ማንነቱን የምናውቀው ጀልባው ላይ ከወጣ በኋላ ነው።»

«ጥፋቱ የራሱ ቢሆንስ? ማስጠንቀቂያ ሳይሰማ የገባ ቢሆንስ?»

ፈገግ አሉ። «ያኔማ ፎጣና ሻይ ሰጥተን እንቆጣዋለን» አሉ፤ «መጀመሪያ ግን እናወጣዋለን።»

ወደ ማደሪያዬ ስሄድ በአእምሮዬ ያመላለስኩት ይህን ነው። በእኛ ዘንድ ስለ ስደተኛ ልጅ ስንነጋገር ብዙ ጊዜ የምንጀምረው ከቁጣው ነው። «ለምን ሄደ? ማን ሂድ አለው? አገር እያለው፣ ቤተሰብ እያለው…» እንላለን። ፎጣውና ሻዩ አይደርሰውም። ሲሞት ደግሞ ቁጣውን ትተን እናለቅሳለን። በቁጣውና በለቅሶው መካከል ጀልባ የሚወጣበት ጊዜ ነበር።

እኛስ?

ከተመለስኩ በኋላ በአንድ ቅዳሜ የወጣቶች ፕሮግራም ይህን ታሪክ አካፈልኩ። ፎቶውን የጠየቀኝ ልጅ መጀመሪያ ስለ ፊልሙ ጠየቀ፤ ሳቅን። ስለ አይማውዝ ስናገር ግን አዳራሹ ጸጥ አለ። ሁሉም ማንን እያሰበ እንደሆነ አውቅ ነበር። ስጨርስ አንዲት ልጅ እጇን አወጣች።

«እኛኮ ለቅሶ ላይ ጎበዞች ነን» አለች። «ድንኳን እንተክላለን፣ ሻማ እናበራለን፣ ፎቶውን ፕሮፋይል እናደርጋለን። ባሕር የለንም። ጀልባ ምን ብለን እንሠራለን?»

ማንም ወዲያው አልመለሰላትም። እኔም ዝም አልኩ። ከዚያ ከኋላ የተቀመጠ አንድ ልጅ ቀስ ብሎ፣ «ደላላ ደውሎልኝ ነበር» አለ። «ባለፈው ወር። ለማን እንደምነግር አላወቅሁም።» ሌላውም፣ «ለእኔም» አለ።

የዚያን ዕለት ፕሮግራሙ በሰዓቱ አላለቀም። በእጃችን ስላለው ነገር ተነጋገርን። ብዙ አይደለም። ከመካከላችን ብረት ብየዳ የሚሠራ፣ ፀጉር ቤት ያላት፣ የኤሌክትሪክ ሥራ የሚያውቅ አለ፤ እያንዳንዳቸው አንድ ልጅ አጠገባቸው አድርገው ሊያለማምዱ ቃል ገቡ። በዕቁብ መልክ ወርሃዊ መዋጮ ጀመርን፤ የመጀመሪያው ዕጣ ለደላላ ሊከፍል ገንዘብ ሲያጠራቅም ለነበረው ልጅ እንዲሆን ሁሉም ተስማማ። ከየመን በሕይወት የተመለሰ አንድ ወንድም አገኘን፤ ያየውን ሳይጨምር ሳይቀንስ ነገረን። ሕጋዊ መንገድ ያለው ሰው ደግሞ በምን በኩል መሄድ እንዳለበት የሚያውቅ ሰው ጋ እንዲደርስ አደረግን፤ ሁሉም ጉዞ ጥፋት አይደለምና። በመጨረሻም አንዲት አሮጌ ስልክ አዘጋጀን። ቁጥሩን የኅብረታችን ልጆች ሁሉ፣ የወጡትም ጭምር፣ ይዘውታል። ማንም በማንኛውም ሰዓት ሊደውልባት ይችላል። ሕጉ አንድ ነው፦ ያነሣው ሰው መጀመሪያ አይቆጣም።

ውጤቱን አሳምሬ ልነግራችሁ አልፈልግም። ያን ቀን ከተናገሩት ሁለት ልጆች አንዱ ዛሬ ብየዳ ይሠራል። ሌላው ሄደ። ተመክሯል፣ ተለምኗል፣ ሄደ። ከሁለት ወር በኋላ ሌሊት በዚያች ስልክ ደወለ፤ ባሕሩን ተሻግሮ ነበር፣ ታምሞም ነበር። ያነሣችው እህት አልተቆጣችውም። የት እንዳለ ጠየቀችው፣ የሚያውቀው ሰው አገናኘችው፣ ለእናቱም ደወለችላቸው። ዛሬም በየጊዜው ይደውላል።

ሴንት አብስ ጀልባ ስላላት ባሕሩ አልተለወጠም። አለቶቹ በቦታቸው ናቸው፤ ጭጋጉም ይመጣል፤ ማስጠንቀቂያ የማይሰማ ሰውም አይጠፋም። የተለወጠው ዳር ላይ ቆሞ የሚያየው ሰው ነው። ድሮ እጁን ዘርግቶ ይጮህ ነበር፤ አሁን የሚወጣበት ነገር አለው። ይህን ለማድረግ ትልቅ ከተማ መሆን አላስፈለጋትም። እንዲያውም ትልቁ ተቋም በቃችሁ ብሎ ሲሄድ ነው እነዚያ ጥቂት ሰዎች ጀልባዋን የራሳቸው ያደረጉት።

የእናንተ ኅብረት ምን ዓይነት ጀልባ እንደሚያስፈልገው እኔ ከዚህ ሆኜ ልነግራችሁ አልችልም። በአንዱ ሰፈር ደላላ ነው፣ በሌላው ሱስ፣ በሌላው ደግሞ ማንም የማያውቀው የልብ ጭንቀት። ከመካከላችሁ ያጣችሁትን ሰው ታውቃላችሁ፤ የጠፋበትንም አለት ታውቃላችሁ። በሚቀጥለው ስብሰባችሁ ስሙን አንሡ፤ ከዚያም በዚያ አለት አጠገብ የሚያልፈው ቀጣዩ ሰው ማን እንደሆነ ተጠያየቁ።

የእኛን ስልክ በየሳምንቱ ተራ ገብተን እንይዛታለን። በዚህ ሳምንት ተረኛው እኔ ነኝ።